ስልሳ ሲቀነስ አንድ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ በር ትይዩ፣
ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች በመስኮት የሚታዩ፤
ግድግዳው ቆርቆሮ፣ የጠረጴዛው አንድ እግር አጥሮ
ቁልፍ በነካሁ ቁጥር የሚንገጫገጭ አብሮ፤
እዚያ ነው የተማርኩት፣
ከበርበሬ ማሳ ጣቴን ይዤ የመጣሁት።

አዎ፣ ከበርበሬ። ከአክስቴ ማሳ፣ ቡሬ ዳር፣
ዛላ ስለቅም የኖርኩ፣ እስክትጠልቅ ጀምበር።
ጣቴ ያቃጥል ነበር፤ ዓይኔን ስነካው ያነባል።
"ይኼ ጣት" አለ ልንገርህ፣ "ለዚህ ሥራ ይሆናል፤
መጻፍም መልቀም ነው። ዓይንሽን ከገበታው አንሺ፤
ጣት ቤቱን አይስትም፣ አንቺ ብቻ አትሽሺ።"

ልንገርህ ስሙ ነው፤ ስሙም ደግሞ ሥራው፤
ይነግርሻል፣ ይነግርሻል፣ እስኪመሽ ነው ወሬው።
የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ስክሪኑ ሥር ያኖራል፣
"ጀምሪ" ሳይል ገና ልቤ ከጣቴ ይቀድማል።
ደቂቃው ሲሞላ በእስክሪብቶ ጫፍ ይቆጥራል፣
ስሕተቱን ይቀንሳል፣
የተረፈውን በጠመኔ ከበሩ ጀርባ ይጽፋል።

ሰኔ፦ አሥራ አራት። ከአሥራ አራቱ ስድስት ስሕተት።
ሐምሌ፦ ሃያ ሁለት።
ዝናቡ ቆርቆሮውን፣ እኔ ገበታውን ስንደበድበው፣
ማናችን እንደቀደምን እስኪጠፋው ለሚሰማው።
ጥር ላይ ስልሳ ገባሁ። ስልሳ፣ ሲቀነስ አንድ!
ልንገርህ ጠመኔውን ሰበረና ግማሹን ሰጠኝ፤
"አንዷ የሰይጣን ድርሻ ናት፤ ተያት" አለኝ።

በማግስቱ ማክሰኞ አያ ቢያድግልኝ መጣ፣
በዶሮ ጩኸት ተነሥቶ ከጃቢ ጠህናን የወጣ።
"ጣፊልኝ፣ ለዳኛው የሚሆን።
ሁለት ቃዳ ናት፤ ወንዙን ይዛ እስከ ዋርካው፤
አባቴ በሕይወት ሳለ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ሰጠኝ።
ያጎቴ ልጅ ድንበሩን አርሶ ገፋኝ።"
እሱ ይናገራል፣ እኔ እሮጣለሁ ከአፉ ሥር፣
ትንፋሽ ሲወስድ አራት ነጥብ፣ ሲያስል አዲስ መስመር፤
ጠረጴዛው እየጮኸ፣ ልንገርህ በኩራት ቆሞ በበር።

ማተሚያው ተንተባትቦ አወጣው። ማንበብ አይችልም።
አውራ ጣቱን ቀለም አስነካሁት፤
እንደ ሞፈር የሻከረ፣ ጥፍሩን አፈር የበላው ጣት።
ወረቀቱ ላይ አሳረፈ፤ ተጭኖ ቆየ፤ ቀስ ብሎ አነሣው።
በደቂቃ አንድ ቃል። ስሕተት የሌለው።

እሱ ከወጣ በኋላ ነው፣ ስክሪኑን ልዘጋ ስል፣
ዓይኔ የወደቀው፦ አንዲት ፊደል።
ትንሿ ጣቴ ሺፍት ላይ ተኝታ፣ እኔ ስበር፣
ሸ ሆኖ ቁጭ ብሏል ሰ የነበር።
"አባቴ መሬቱን ሸጠኝ" ይላል።
መሬት በሕግ አይሸጥ! ዳኛው ይህን ሲያነብ
"ሻጭና ገዢ ናችሁ" ብሎ ሊዘጋው መዝገብ።

ሮጥኩ። አንድ ጫማዬ ቀርቶ፣ በዘበኛው ክንድ ሥር አልፌ፤
ያንን ፍጥነት የለካው የለም።
ከመዝገብ ቤቱ ሰልፍ ሦስተኛ ቆሟል፣ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ።
"አያ፣ ይመለሱ። አንድ ፊደል ተሳስቻለሁ።"
"አንድ?"
"አንድ ብቻ።"
አየኝ። "በሬም የሚሰበር አንድ እግሩን ነው።"

እንደገና ጻፍኩ፣ ጮክ ብዬ እያነበብኩለት።
"ሰጠኝ" ስል፣ "ሰጠኝ" ብሎ ደገመው፤
በወለቀ ጥርሱ መሃል እንደ ውሃ ሲያልፍ ሰማሁት።
አውራ ጣቱን ዳግም ነከረ።
አሁንም አልቸኮለም።

ማታ ልንገርህ ሰዓቱን ፈታ። ጀመርኩ። አርባ ሦስት።
"ምን ነካሽ ልጄ? ወረድሽ!"
"ጋሼ፣ የአንድን ዋጋ አሳስተው ነው የነገሩኝ፤
ስልሳ ሲቀነስ አንድ፣ አንዱ ሁለት ቃዳ ነው፣
ወንዙን ይዞ እስከ ዋርካው።"
ልንገርህ ዝም አለ፣ ስሙን የረሳ ይመስል።

የተበላሸውን ወረቀት፣ አሻራው ያለበትን፣ አልጣልኩትም፤
አራት አጥፌ ከአጭሩ እግር ሥር ሸጎጥኩት፤
ጠረጴዛው ከዚያ ወዲህ አይንገጫገጭም።
አርባ ስምንት ደርሻለሁ፤ ቀስ እያልኩ ነው።
በርበሬው ከጣቶቼ ታጥቦ አልቋል፤
ትንሿ ጣቴ ብቻ፣ ሺፍት ስትነካ፣
ዛሬም ታቃጥለኛለች።