ስንት ሰዓት ተነሣ

መብራት ሄደ ሽምብጥ፣ ልክ እንደ ልማዱ፤
ትልቁ ማሽን ሞተ፣ ቀዘቀዘ ሆዱ።
ይበልጣል በጨለማ መሳቢያ ሲበረብር
እኔ ስልኬን ይዤ ወረድኩ ሐይቁ ዳር፤
ባትሪዬ ሠላሳ፣ ኔትወርኩ ሁለት ዘንግ፣
ድንጋዩ ላይ ሦስት የሚሆንበትን ቦታ ስፈልግ።

ጋሽ እንድሪስ ቁጭ ብሏል፣ የተቀደደ መረብ ጭኑ ላይ፤
«ያንቺስ መረብ ይሠራል?» አለኝ፣ ስልኬን ሲያይ።
ምን ልበለው?
ከእንቦጩ ሥር ያወጣናት፣ ስም ያልወጣላት ነገር፣
ሰባት ወር በብልቃጥ፣ ባንቺዓምላክ በቀይ ቀለም
«አትንኩ! እያደገች ነው» ብላ ጽፋባት፣
ጤፍ እሷ አጠገብ ቋጥኝ ናት፣
ባሕር ተሻግራ፣ በማናየው ብርሃን ተወግታ፣
ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሥዕል ሆና ተመለሰች፤
ነጭ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ዝንብ ያረፈበት ወረቀት የመሰለች።
ልበለው?

«በሬ ያነሰው ገበሬ» አልኩት «መቀናጆ ይገባ የለ?
ወይፈኗ ይህች ስልኬ፣ በሬው ከማላውቀው አገር ያለ።
እኔ እዚህ በጣቴ እነካለሁ፣ እሱ እዚያ ያርሳል፤
ምርቱ ግን እዚህ ይደርሳል።»

መረቡን ዘረጋልኝ። «እይው» አለኝ «ዐይኑን።
አንዷን ዐይን ያወቀ ያውቀዋል ሁሉን።»
ደነገጥኩ። ይህችን ለመረዳት
እኔ የፈጀሁት ሁለት ዓመት፣ አንዴም ወድቄባት።

«ችግሩ ሌላ ነው» አልኩት። «ብርሃን ማዕበል ነው፤
ሲመታ ብርታቱን እንጽፋለን፣ በቃ፣ ይኸው ነው።
ስንት ሰዓት ተነሣ፣ ማን ቀድሞ ማን ተከተለ፣
ነጥቡ አይናገርም። የሚያውቅለት የለ።
ያን የጠፋ ሰዓት ነው ማሽኑ የሚገምተው፣
ሺህ ጊዜ እየሳተ፣ ሺህ ጊዜ እያረመው።»

ዝም አለ። ውኃው ድንጋዩን ቸብ አደረገው።
«ይሄ የዘጌ ጀልባ ነው፣ ቅድም ያለፈው።»
ቸብ።
«ይሄኛው ነፋስ ነው፣ ከደቅ የተነሣ፣ ማታ።»
ቸብ።
«ይህን እንኳ እንጃ።» ጥቂት ቆይቶ፣
«ምናልባት ዓሣ» አለ፣ በይሉኝታ።

ስልኬ ላይ ትንሿ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤
ሰማንያ አንድ በመቶ። ባትሪው አራት።
ከጭጋግ ውስጥ አንድ ቀለበት፣ ባለ ስድስት ጥግ፣ ብቅ ያለ መሰለኝ፤
ወይም ዐይኔ ነው። ጨለመ። ጠፋብኝ።

እዚያ ማዶ ግን በሬው ያርሳል፤ ወይፈን ሞተ ብሎ ቀንበር አይጥልም።
ጋሽ እንድሪስም መርፌውን አላስቀመጠም።
ቸብ፣ አለ ውኃው።
«ይሄስ?» አልኩት።
«ቆይ» አለኝ፣ «ቆይ፣ ልስማው።»