መግቢያ ጊሜል

ቤርሼባ። ሌሊት ስምንት ሰዓት አልፏል፤
ከዲሞና፥ ከፋብሪካ ፈረቃ ላይ፥ ይርጋ ደውሏል።
"የላክሽልኝን መመሪያ ከፍቼዋለሁ፤
የምፈልገው ግን የቱ ጋ እንደሆነ እስካሁን አላየሁ።"

አርባ ርዕስ አለው ገጹ፤ እኔው ነኝ የጻፍሁት፤
ሊንኩ አናቱ ላይ ጥሎት
ቀሪውን መንገድ በጣትህ ሂድ ያልሁት።
ጣቱ ስክሪኑን ሲገፋ፥ ሲገፋ፥
ማሽኑ ሲጮኽ፥ ደቂቃው ሲጠፋ፥
"ወረድ በል" አልሁት፥ "ከሠንጠረዡ ሥር።"
"የቱ ሠንጠረዥ? እዚህ ሰባት አለ በቁጥር!"

ዝም አልን።
አባቴ ትዝ አለኝ፤
በመጣን በዓመቱ፥ የአክስቴን መድኃኒት በፌስታል አንጠልጥሎ፥
"ሕንፃ አሥራ ሰባት" የምትል ብጣሽ ወረቀት ተቀብሎ፥
ሽኩና ዳሌት ሄደ።
ሕንፃው አራት መግቢያ፥ በየመግቢያው ስምንት ፎቅ፤
ወጣ፤ አንኳኳ፤ ወረደ፤
አንዲት ሩሲያዊት ከፍታ ዘጋች፤
አንዲት ሞሮኳዊት ውሃ ሰጠችው፤ ጠጣ፥ መረቀ፥ ሄደ።
የአክስቴ በር በመግቢያ ጊሜል፥ ሦስተኛ ፎቅ፥ በስተግራ ነበረ፤
ሳያገኘው መሸ፤ መድኃኒቱ ከእሱው ጋር አደረ።
አድራሻው አልዋሸም፤ ሕንፃው ያው ሕንፃው ነበር።
ሰው ግን በሕንፃ አይገባም፤ ሰው የሚገባው በበር።

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ሌላ ሥራ ሳልጀምር
በየርዕሱ ጎን አንዲት ምልክት ተከልሁ፤
ሁለት ቁም፥ ሁለት አግድም፥ ፍርግርግ የመሰለች፤
ለነካት ሰው የዚያችን ክፍል አድራሻ ታስይዛለች፤
ይርጋንም ከዚያችው መስመር ፊት ታቆመዋለች።
"ማን ያያታል?" አለ አለቃዬ ኦፊር፥ ሱፍ እየፈለፈለ።
"ይርጋ" አልሁት።
"ይርጋ ማነው?" አለ።

በወሩ ግን እሱ ራሱ አንድ ርዕስ አሳመረ፤
"ዳግም ማስነሣት" የነበረውን "አዲስ ጅምር" ብሎ ቀየረ።
አድራሻው ከርዕሱ ቃል የተቀዳ ነበርና
የላክነው ሊንክ ሁሉ ከገጹ አናት ላይ ቀረ መና።
"ርዕሱን እንደወደድህ ቀይር፤ ከሥሩ ያለውን ስም ግን አትንካ፤
ሰው የሚመጣው በእሱ ነው።"
ድምፄ ከፍ ብሏል ለካ።
ኦፊር ገርሞት አየኝ፤ ምክንያቱን አልነገርሁት።

እናቴ ትርንጎ ናት።
አየር ማረፊያ ላይ አንዲት ጸሐፊ "ይህ ይከብዳል" ብላ
ኢላና አለቻት።
አጎቴ ከጎንደር የጻፈው ደብዳቤ "ለትርንጎ" ተብሎ መጥቶ፥
ፖስታ ቤቱ "አትታወቅም" የሚል ማኅተም መትቶ
መለሰው።
እሷ እዚያው ነበረች፤
ሁለተኛ ፎቅ፥ ልብስ እያሰጣች።

አሁን በሯ ላይ፥ "ኢላና" ከሚለው የታተመ ጽሑፍ ሥር፥
በእስክሪብቶ፥ በአማርኛ፥ ትርንጎ የሚል አለ።
በደበዘዘ ቁጥር
እየሄድሁ አደምቀዋለሁ።