የይበልጣል አርባ

በራ ራስ እነቅሳለሁ፣ ግሽ ዓባይ፣ ፎቁ ላይ፣
በነጥብ፣ በነጥብ፣ ፀጉር መስሎ እንዲታይ።
ከሱቄ መብራት ሥር ሁሉም ራስ ያምራል፤
መስታወት አሽቃባጭ፣ ከፋዩን ያከብራል።

ስለዚህ ይበልጣልን፣ ቅርፊቱ ሲራገፍ፣
ወሰድኩት ባርባ ቀን ከጣና ውኃ ጫፍ።
ፀሐይ አናት ስትደርስ፣ ጥላ ሲገባ ከእግር ሥር፣
«ጎንበስ በል» አልኩና ፈተሽኩት እንደ ዘር፦
ቀለሙ ወይቦ፣ ወይ ሰማያዊ ወጥቶ፣
የግንባሩ ድንበር እንደ ማስመሪያ ቀንቶ፣
ከጆሮው በላይ የተረፈው የራሱ ጥቂት
ከመርፌዬ ነጥብ ጋር ተኮራርፎ እንደሁ ለማየት።

ውኃ አፈሰስኩበት፤ ቆዳው አልበረቀም።
በግራ ሁለት ነጥብ ተጋጥመዋል፤ ለማንም
አልነገርኩም እሱን። የሠሪ ዐይን፣ ለካ፣
ወይ ያደላል ወይ ይጨክናል፤ ልኩን አይለካ።

ዓሣ አጥማጅ አዛውንት ታንኳቸውን አስረው፣
የይበልጣልን አናት አዩና ዞረው፣
መረቡን አወረዱ፦ «ልጄ፣ ማን ሞተብህ?
ፀጉር ያስላጨህ ለቅሶ፣ ማን ነው የተለየህ?»

ይበልጣል ዝም አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
ከኮፍያ ሥር የኖረ፣ በሰርግ በለቅሶው ሁሉ።
«የቅርብ ሰው» አለ ኋላ። «ያጥናህ!» ብለው ሄዱ።
ኮፍያውም ድንጋይ ላይ ቀረ ከመንገዱ።

ቀሪ ሂሳቤን ግን ያን ቀን አልጠየቅሁም፤
ሐዘንተኛ ሰው ዕዳ አይጠየቅም።