ሞተሩ ሳይነሳ

ቁልፉን ከኪሴ ውስጥ ደጋግሜ ነካሁ፤
እጄ ረስቶ እንጂ እኔስ መች ዘነጋሁ።
የካቲት ነው ወሩ፥ አድማው ሦስተኛ ቀን፤
ራስ መኮንን ድልድይ ዳር ዳሩን ደርድረን፥
ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶው ሁላ
ዝም ብሎ ተኝቷል ከባሕር ዛፉ ጥላ።
ከተማው በእግሩ ነው። ባለ ከረባቱ
ሃያ ዓመት በጎማ ያለፈው ዳገቱ
ዛሬ ተዋወቀው፥ ላብ ወርዶ ከፊቱ።

ደንባችን አጭር ነው፥ ዘርጋው እንዳወጣው፦
«ሞተር አይነሳ። ድንጋይ አይነሳ።
ከሁለት አንዱን ያነሳ እኛን ነው የረሳ።»

አራት ሰዓት ሲሆን አንዲት ሴት ከታች
ልጇን አቅፋ መጣች፤ ለቅሶም የላት፥ ዝም አለች።
«ምኒልክ ሆስፒታል» ብላ ብቻ ቆመች።
የልጁ አንገት ዝሏል፥ ትንፋሹ እንደ ወናፍ፤
ቁልፉን ሳወጣ ሽኩር ያዘኝ ከደጃፍ፦
«ለአንዷ ከተነሳ ለሺዋም ይነሳል።»
እውነቱን ነው ሽኩር።
ልጁ ግን ይስላል።

ተጯጯህን። ዝም አልን። ዳግም ተጯጯህን።
ከመሃል አንድ ድምፅ፥ የማን እንደ ነበር
(ዛሬም አሥር ሰው አለ «የኔ ነው» ባይ በክብር)
«ብንገፋትስ?» አለ።

እናትና ልጅን ከኋላ አስገብቼ፥
መሪውን ጨብጬ፥ ማርሹን አውጥቼ፥
አርባ እጅ ከኋላዬ። ዳገቱን ጀመርን።
ትናንት ለአንድ ስሙኒ የተናነቁቱ
በአንድ ቆርቆሮ ጀርባ አብረው አቃሰቱ።

አራት ኪሎ፥ ፖሊስ።
«ሥራ ጀመራችሁ?»
«ኧረ ይንኩት» አልነው።
የሰይቼንቶ ሞተር ከኋላ ነው፤ ዞረ፥
ክዳኑን በመዳፉ ዳሰሰ። ብርድ ነው።
«ታዲያ ምን ሆና ነው?»
«ተበላሽታ ነዋ።»
«ምኗ?»
ዘርጋው ላቡን ጠረገ።
«ሁሉም፥ ሃምሳ አለቃ።»
ሕግ ፈለገ በዓይኑ፥ ከመሬት ከሰማይ፤
መግፋት የሚከለክል አንቀጽ የለም መሳይ
ፊቱን አዞረልን፥ አይቶ እንደማያይ።

ከዚያ በኋላ ግን ግንፍሌ ቁልቁለት፥
የፍሬኑ ነገር ድሮም የማልተማመንበት።
በመስታወት አየሁ፦ ተማሪው፥ ሎተሪ አዟሪው፥
ያ ባለ ከረባት ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፥
ስንት ሰው ተጨምሯል! አርባው እጅ የት ቀርቶ።
መኪናዋ ጎተተች። ሲገፋ የነበረ
በአንድ ጊዜ ሁሉም ወደ ኋላ ሳበ፥
ጫማው አስፋልቱን እየፋቀ፥ ጥርሱን ነክሶ።
መግፋት ቀላል ኖሯል። ከባዱ መያዝ ነው።
በኋላ በመጣው ዘመን ብዙ ቁልቁለት አየሁ፤
የሚገፋ ሞልቶ፥ የሚይዝ የጠፋበት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሴትየዋ ወርዳ
ምንም ሳትናገር ሮጣ ገባች።
ወንበሩ ላይ ስሙኒ።
«ሒሳብ ተቀበልክ!» አለ ሽኩር፥ «አድማው ፈረሰ!»
«አልተቀበለም፥ ጥላው ነው እንጂ።»
«መጣልስ መክፈል አይደል?»
እዚያው በሩ ላይ፥ ዘበኛው እስኪያባርረን፥
ሃያ ሹፌር ቆሞ ስለ አንዲት ስሙኒ ተሟገተ።
እጅ አወጣን፤ ዐሥር ለዐሥር።

ልጁ ዳነ አልዳነ፥ አላወቅሁም።
ሰይቼንቶዋን ቁራሌው ከወሰዳት ዘመን የለውም።
ስሙኒዋ ግን አለች፥ መሳቢያዬ ውስጥ፥
የማን እንደሆነች ገና ሳይወሰን።