ክሩን አትጎትቺው

ሲስተር ኢፍቱ ጓንቷን አወለቀችና፣
«አለቀ» አለችኝ፤ «በይ ቀስ ብለሽ ቀና።
ሆድሽን ቢቆርጥሽ እንደ ወር አበባ፣
ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፣ ከዚያም ይቺን ክኒን፤
ደሙ ጠብ ጠብ ቢል ሆድሽ አይባባ፤
ትኩሳት ቢይዝሽ፣ ቢሸት ፈሳሽሽ ግን፣
አትጠብቂ ቀጠሮን።
በወር አንዴ እጅሽን ታጥበሽ ክሩን ዳስሺው፤
አለ ብለሽ ተዪው።
እንዳትጎትቺው!»

ለኔ ነው ይህ ምክር?
ታይዋን ተራ፣ ከሲንጀሩ ኋላ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ክር የሳብኩ፣ የበጠስኩ በጥርሴ፣
የሰው ሽርጥ፣ የሰው ሂጃብ የሰፋሁ፣ ሳልሰፋ ለራሴ?

ባጃጁ ደቻቱ ዳር ነገረኛ ጉድጓድ ሲዘል፣
ሆዴን ያዝኩ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ፦
«እርጉዝ ነሽ እንዴ እማ? ቀስ ልበል?»
ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ደግሞ አመመኝ።
«ቀስ በል» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ማታ ነስሩ ጠርሙሱን ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤
«በድሬ ሙቀት ላይ ሙቅ ውሃ!» እያለ ተረበኝ።
ግቢ ባነጠፍነው ፍራሽ ልጆቹ በመደዳ ተኝተው፣
ትንሿ እግሯን ሆዴ ላይ ጣለች፤
ከበዳት እንጂ ከበደኝ አላልኩም፣ ዝም ብዬ ያዝኩት፣ ዳበስኩት፣ ሳመው ሳመው አለኝ።

ወሩ ሞላ።
ጥፍሬን ቆረጥኩ። እጄን ታጠብኩ። በሩን ዘጋሁ።
አለ።
ቁጥሩን የማላውቀው፣ ከየትኛውም ጥቅል ያልመጣ
ቀጭን ክር።
ለመጀመሪያ ጊዜ ክር ነክቼ ሳልበጥስ ወጣሁ።