ፊትህን አዙር

ቡሬ ነው፤ ቅዳሜ፤ የገበያው ዕለት።
የቀበሌው አዳራሽ፣ አንድ ሶኬት ያለበት፣
እሷም ስትነካካ ብልጭ የምትልበት።
ደሞዝ አልበላበት፣ አልከፍልበት ዕዳ፣
ጠመኔ ጨብጬ፣ ቆሜ ከሰሌዳ
ሰው እጠብቃለሁ።

«ስልክ ያላችሁ ግቡ፣ ክፍያ የለም» ብዬ፣
ከደጁ ምሰሶ ካርቶን ሰቅዬ።
ያነበቡት አለፉ።
ማንበብ የማይችሉት ጠይቀው ገቡ።

አያ ይሁኔ ቀደሙ፣ ስልክ በፌስታል ጠቅልለው፤
ልጃቸው ከሻሸመኔ የላከላቸው ነው።
አርባ ዓመት እርፍ ጨብጦ ጣታቸው ደድሮ ደንድኖ
ቢነኩት፣ ቢነኩት፣ መስታወቱ ዝም አለ በድን ሆኖ።
«በሬዎቼ እንኳ» አሉ «ስጠራቸው ያውቁኛል፤
ይኼ ምን ዓይነት ከብት ነው፣ ስዳስሰው ይክደኛል?»
ብልሃቱ ከራሳቸው፤ በምራቅ ቢያርሱት ተከፈተ፤
አዳራሹ በሳቅ ሞተ።

የዝና ፎቶ መላክ ተማረች፤ ላከችም ላህቷ፤
አንደኛው ላይ ጣሪያ ነው፣ ሁለተኛው አውራ ጣቷ፤
በሦስተኛው ባሏ ወጣ፣ ልብስ ሰፊው፣ ካንገት በታች፤
«ምን አገኘው?» ብላ እህቷ ከማርቆስ ደወለች።

አምስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ማንንም አልገረመው።

እማማ አንጓች ሲገቡ አዳራሹ አስነጠሰ፤
ነጠላቸው ጥለት የለው፣ ጫፉ ግን በርበሬ ለበሰ።
ፊደል አልቆጠሩም እንጂ፣ ቁጥርማ ማን ብሏቸው!
ፈረሱላው ከነኪሎው በቃል ነው ሂሳባቸው፤
ሚዛን የነካካ ደላላ ካይናቸው ሥር አያልፍም፤
ስልክ ሲሆን ግን እጃቸው አንዲት ቁጥር አይጽፍም።

ልጃቸው መተማ ነው። ገንዘብ ይልካል በወር።
ይሄዳሉ ከልየው ሱቅ፣ ከመናኸሪያው በር።
ስሙም ልየው ነው፤ ሥራውም «ወዲህ በሉኝ፣ ልየው!»፤
ዳዊት ከመድገም ይልቅ የሰው ምስጢር ቁጥር የለየው።
ሁለት ሺህ ብር ሲላክ ሺህ ዘጠኝ መቶ ይቆጥራል፤
የቀረውስ? ሲሉት «ኔትወርክ በላው» ይላል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼ ኔትወርክ የሚሉት፣ ሆዱ የማይሞላ፣
ሁዳዴም አይጾም እንዴ፣ ዓመት ሙሉ ሲበላ?»

ምን ልመልስ?
ልየው የአክስቴ ልጅ ነው።
ትናንት ማታ ባንድ ትሪ በልተናል፤ ከፋዩ እሱ ነበር፤
የማን ብር እንደሆነ አልጠየቅሁም ነገር።

ብቻ «ያን ቁጥር እንቀይር» አልኳቸው።
«አራት ቁጥር ይምረጡ፤ ከልብዎ ያኑሩት፤
ለጎረቤት፣ ለልጅ፣ ለነፍስ አባትም አይንገሩት።»
«ለነፍስ አባትም?»
«ለነፍስ አባትም።»

ዝም አሉ። ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።
ቀና ብለው አዩኝ፣ የሰው ሚዛን እንደሚያዩት።
«ላንተስ?»

ለካ እኔ ከጎናቸው አንገቴን አስግጌ፣
እንደ ልየው፣ ልክ እንደ ልየው፣ ዓይኔን ስልኩ ላይ አድርጌ!

«ፊትህን አዙር።»

አዞርኩ።
ከፊቴ የሊቀ መንበሩ ቢሮ በር ነው፣ ቀለሙ የተላላጠ።
ከኋላዬ «ጢው» አለ። አንድ።
ቆየ። ያስባሉ።
ከነጠላቸው የተነሳው በርበሬ ጉሮሮዬን ቧጠጠው፤
ማስነጠሴን ዋጥኩት።
ሁለት።
በሩ ላይ በቀይ የተጻፈ ነገር አለ፤
ልጅ ሆኜ መታወቂያ ላወጣ ስመላለስ፣
ከዚያም ወዲህ ስንት ቅዳሜ፣ ባጠገቡ ሳልፍ
አንድም ቀን አላነበብኩትም።
ሦስት።
ዛሬ፣ ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ፣
ጣቴን ሳላነሳ፣ እንደ ጀማሪ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት፤
«ሳያስፈቅዱ መግባት ክልክል ነው።»

አራት።