ጠርሙሱ ዝም አለ

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ ነው፤ መስኮቱ ላብ አውጥቷል፤
ጉም ከጮቄ ወርዶ ደጃፉ ላይ ተኝቷል።
ደም አስቀምጫለሁ በሦስት ጠርሙስ፣
ጧት ማታ አያለሁ እስኪደፈርስ።
ሰባት ቀን፣ ዐሥር ቀን፣ ጥርት እንዳለ ከረመ፤
«ምንም አልበቀለም» ብሎ እጄ ፈረመ።

የደሙ ባለቤት አንሙት ይባላል፤
ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ፣ ዐርባ ይመስላል።
ከጎዛምን ወዲያ ቅኔ ሲቆጥር ከርሞ፣
ከፋሲካ ወዲህ ትኩሳት ተሸክሞ።
«ወባ ነው» አሉት፤ የወባ ክኒን ዋጠ።
«ታይፎይድ ነው» አሉት፤ የዚያንም ዋጠ።
«ምች ነው» አሉትና ዳማ ከሴ ታሸ፤
ትኩሳቱ ቀን ሸሽቶ ይመለሳል ከመሸ።

ዶክተር ትርንጎ ናት ጆሮዋን የሰጠችው፣
ደረቱ ላይ ጎንበስ ብላ የቆየችው፣
ከልቡ ምት መሐል ፉጨት የሰማችው።
በአልትራሳውንዱ፣ ከልብ በሩ መዝጊያ፣
ተንጠልጥላ ታየች አንዲት ስስ ቡቃያ፤
በሩ በከፈተ፣ በሩ በዘጋ ቁጥር
ትወዛወዛለች፤ ስሟን ማን ይናገር!

«ጠርሙስህ ዋሸ ወይ?» አለችኝ።
አልዋሸም።
በኔ ሾርባ የማይጠግብ፣ ስንቁ ሌላ የሆነ ተሐዋሲ አለ።
አንሙት ሰምቶ ሳቀ፣ የደረቀ ከንፈሩ እየተሰነጠቀ፦
«የኔታ ቢሆኑ፣ ‹ውስጠ ወይራ ነው፣ ላዩን አትመን› ይሉኝ ነበር።»

እሷም መጠየቅ ጀመረች።
ፍየል አዋልደሃል? ያልፈላ ወተት? ድመት?
በራሱ ምልክት ሁሉንም «የለም» አለ።
ከአልጋው ግርጌ የተጠቀለለ ደበሎውን አየችው።
«ቅማልስ?»
ዝም።
የጨሞጋ ሙላት እስኪጎድል የሚያስጠብቅ ዝምታ።
«ማን የሌለበት አለ» አለ፣ ዐይኑን ጣሪያው ላይ ጥሎ።

ደሙን በበረዶ ሣጥን፣ በሌሊት አውቶቡስ፣ አዲስ አበባ ላክን።
እሷ መልሱን አልጠበቀችም።
ጀንታማይሲን በደም ሥሩ፣ ሁለት ሳምንት፣
እኔ ኩላሊቱን በየማለዳው እየሰለልሁ፤
ዶክሲሳይክሊን፣ ወራት።
ጋቢው ተቀቀለ። ደበሎው ተቃጠለ።
መርፌውን ሁሉ የቻለ ልጅ
ደበሎው ሲቃጠል አለቀሰ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ወረቀቱ መጣ፤
ዶክተሯ የጠረጠረችው ስም ከውስጡ ወጣ።
ትኩሳቱ ከሄደ ወር አልፎት ነበር።
ያን ጧት የድሮ ቅጼን አወጣሁ፣
«ምንም» የምትለዋን ሰረዝሁ፣
ከጎኗ «በኔ ጠርሙስ» ብዬ ጨመርሁ።

አንሙት አሁን ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ይጠብቃል።
በወር በወሩ ይመጣል፣ በአዲስ ጋቢ፤
ደረቱን ለትርንጎ ይሰጣል።
ፉጨቱ አለ፣ ቀጥኗል።
አንድ ቀን ማዳመጫውን ለኔ አቀበለችኝ፤
ሰማሁት፤
ነፋስ ያልተገጠመ መዝጊያ ሥር ሲያልፍ ይመስላል።